የንጹሕ ጨርቅ አዋጅ

«በአራቱም በሮች ያላችሁ የአገሩ ሰዎች፤ የቆማችሁ ተቀመጡ፣ የተቀመጣችሁ ቁሙ። ንጹሕ ጨርቅ ቁስል ላይ ቢታሰር ጥሩ መሆኑ ከዛሬ ሐሙስ ጀምሮ ተረጋግጧል።»

ይህ አዋጅ ረፋዱ ላይ ተነበበ። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ አዳመጠ፤ አንዳንዱም አለቀሰ። በምሥራቁ በር ጎመን የምትሸጥ ሴትዮ «ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ነበር ስናስር የኖርነው?» ብላ ጠየቀች አሉ። አዋጅ ነጋሪው ወረቀቱን ጠቅልሎ «እስከ ዛሬ ያሰራችሁት አልተረጋገጠም ነበር» አላት። ሴትዮዋም አመስግና ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

አዋጅ ነጋሪው ልክ ነው። በእኛ አገር አንድ ነገር እውነት የሚሆነው ቀናተኛ ማኅተም ሲያደርግበት ነው። በዚያ አዋጅ ላይ ያተምሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ነገሩን ሌላ ሰው ከሚያወራው እኔ ብናገረው ይሻላል።

ቀናተኛ በእኛ ዘንድ የሥራ መደብ ነው። ድሮ ምርምር ቤቱ ሲቋቋም የተመራማሪዎቹን ሥራ እንዲያነቡ የተመደቡት ወዳጆቻቸው ነበሩ ይባላል። ወዳጆቹ ርእሱን አንብበው «ግሩም ነው» ብለው ይፈርሙ ነበር። በዚህ ዓይነት በሰባት ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ሞትን የሚከለክሉ መድኃኒቶች ተገኙ፤ ያገኟቸውም ሰዎች በየተራ ተቀበሩ። የመጨረሻው ሲቀበር አንድ ሹም መቃብሩ አጠገብ ቆሞ «የሰውን ሥራ እስከ መጨረሻው ገጽ፣ እስከ መጨረሻው ቁጥር ድረስ የሚያነብ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ማንም ግን ጮክ ብሎ መናገር አልፈለገም። የቅናት ጽሕፈት ቤት በዚያው ሳምንት ተከፈተ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እያንዳንዱ ተመራማሪ አንድ ቀናተኛ አለው። ቀናተኛው እንከን አጥቶ ካላተመ በቀር መድኃኒቱ ወደ ታማሚ አይወጣም።

የመግቢያ ፈተናው ከባድ ነው። ተፈታኙ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊቱ የሚያውቀው ሰው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይሞገሳል፤ ሐኪም የተፈታኙን የደም ግፊት ይለካል። እኔ ስፈተን ፊቴ የተቀመጠችው ውባለም ነበረች። በስምንተኛው ደቂቃ ሐኪሙ መለኪያውን ከክንዴ ፈትቶ «ይበቃል፤ ይህ ሰው እንዳይሞትብን» አለ። በከፍተኛ ማዕረግ አለፍሁ።

ውባለምና እኔ ምርምር ቤቱ የገባነው በአንድ ሳምንት ነው። እሷ በፊት በር ገባች፣ እኔ በጓሮ። እሷ ተመራማሪ ነበረች፣ እኔ ብልቃጥ አጣቢ። እኔ ያጠብሁትን እሷ ታቆሽሻለች፣ እሷ ያቆሸሸችውን እኔ አጥባለሁ፤ እንዲህ ስንመላለስ አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ሕዋስ ምን እንደሆነ፣ ዘረመል እንዴት እንደሚነበብ የተማርሁት ከሷ የቆሻሻ ቅርጫት ነው። የጣለቻቸውን ወረቀቶች አቃንቼ አነባለሁ። አንዳንድ ቀን ስሕተቷን ከሷ ቀድሜ አገኝና ደስ ብሎኝ ዝም እላለሁ። በማግሥቱ ራሷ ታገኘዋለች። ከዚያ በኋላ ምሳ አይበላልኝም። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ደግሞ ትስቅልኝ ነበር። ሳቋ የንቀት ቢሆን እረዳት ነበር።

ቀናተኛዋ ሆኜ በተሾምሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ቢሮዬ መጥታ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነጭ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«አቶ ስንሻው፣ ይመልከቱልኝ» አለች። በሥራ ሰዓት አንቱ መባባል ግዴታችን ነው።

«ምንድን ነው?»

«ቆዳ።»

«የማን?»

«የማንም። የሐር ትል ክር አሟሙቼ አሳስቼ አደረቅሁት። በላዩ የቆዳ ሕዋስ ዘራሁበት። ሰው ሲያረጅ ወይም ስኳር ሲይዘው፣ ቁስል እንዲዘጋ የሚያዘው ዘረመል እንቅልፍ ይወስደዋል። ይህ ሽፋን ይቀሰቅሰዋል።»

«እንዴት አድርጎ ነው የሚቀሰቅሰው? ይጮህበታል?»

«ኧረ ቀስ ብሎ ነው» አለችና ሳቀች።

ከወጣች በኋላ ሽፋኑን ወደ መስኮቱ አንሥቼ እንከን ፈለግሁበት። በማግሥቱም ፈለግሁ። ቀዳዳ የለው፣ እብጠት የለው፣ ጠርዙ እንኳ ቀጥ ያለ ነው። አርብ ዕለት ሆዴን አመመኝና ቤቴ ዋልሁ።

አሁን ስለ እህቴ መናገር አለብኝ። እትዬ አስካለ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ናት። ሥራዋ መልእክት ማድረስ ነበር። የከተማውን ዘጠኝ አቀበቶች ሠላሳ ዓመት በእግሯ ስትወጣና ስትወርድ ኖራ ስኳር ያዛት፤ ከዚያ በግራ ቁርጭምጭሚቷ ሥር አንድ ቁስል ወጣና ሁለት ዓመት ሙሉ አልዘጋ አለ። ቀዶ ሐኪሙ አይቶት «ክረምቱ ወጥቶ አራተኛው ሐሙስ ድረስ እጠብቃለሁ። ያኔ ካልዘጋ ከጉልበቷ በታች እቆርጠዋለሁ» አለ። መልካም ሰው ነው፤ ቀጠሮ አያዛባም።

ስለዚህ በዚያ ሰሞን የውባለም ሽፋን እንዲከሽፍና የእትዬ አስካለ እግር እንዲድን በአንድ ጸሎት የሚለምን ሰው በአገሩ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሙከራው በሕጉ መሠረት ተዘጋጀ። ቁስላቸው አልድን ያለ አርባ ሰዎች የቁስለኞች ክፍል ገቡ። ሃያዎቹ ሽፋኑ፣ ሃያዎቹ ተራ ነጭ ጨርቅ ይሰጣቸዋል፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ወረቀት ይጠቀለላል። ማን የትኛውን እንዳገኘ ታማሚው አያውቅም፣ አስታማሚዋ አታውቅም፣ ውባለምም አታውቅም። ዝርዝሩ ያለው በቀናተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለእትዬ አስካለ ሽፋኑ ወጣላት።

ያልተረጋገጠ ነገር እህቴ እግር ላይ አይለጠፍም አልሁ ለራሴ። ይህ ጥሩ ምክንያት ነበር። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ በሽፋኑ ከዳነች ዕድሜ ልኬን በየበዓሉ ማዕድ ላይ የውባለምን ስም ስሰማ መኖሬ ነው። ዕጣውን መለስሁና እሷን ከጨርቅ ጋር ጻፍኋት።

በሌላው ሁሉ ጥንቁቅ ነበርሁ። ብርሃኑና አየሩ ለሁሉም እኩል እንዲሆን አልጋዎቹን አንድ ሽፋን አንድ ጨርቅ፣ አንድ ሽፋን አንድ ጨርቅ አድርጌ ጎን ለጎን አስደረደርሁ። ስለ ቁስላቸው ማሠሪያ አንዲት ቃል እንዳይነጋገሩም አዘዝሁ። ታዛዦች ነበሩ፤ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም።

ማሠሪያው የሚቀየረው እሑድ እሑድ ቀትር ላይ ነው። ሰኞ ሰኞ ማስመሪያዬን ይዤ ቁስል ልለካ እሄዳለሁ። ከእትዬ አስካለ ቀጥሎ ባለው አልጋ ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ ጡረታ የወጡ ጉድጓድ ቆፋሪ ተኝተው ነበር። ከበሩ ስገባ ጀምሮ ይለክፉኛል።

«መጣህ አቶ ቀናተኛ? ዛሬ ደግሞ በማን ቁስል ልትቀና ነው?»

«እግርዎን ይዘርጉ ጋሼ።»

«ለኔስ ግድ የለም፤ ግን ይህን ማስመሪያ አገባኸው እንዴ? አንድ ቀን እንኳ ቤት ጥለኸው አትመጣም።»

እትዬ አስካለ ትስቃለች። ከዚያ የማልፈልገውን ወሬ ትጀምራለች። «ያቺ ውባለም መጥታ ነበር። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ዘጠኙ አቀበቶች አጫወትኋት። እጇ ደግሞ እንዴት ቀሊል ነው! አንተ ስትነካኝ በር የምታንኳኳ ይመስላል።»

«እኔ መለካት ነው ሥራዬ።»

«አውቃለሁ፤ ለካ እንግዲህ።»

ለካሁ። በየሳምንቱ ለካሁ። በስድስተኛው ሳምንት ቢሮዬን ቆልፌ ዝርዝሩን ከመሳቢያ አወጣሁ። መጀመሪያ የሽፋኖቹን ደመርሁ። ዓመታት ያስቆጠሩ ቁስሎች ከግማሽ በላይ ዘግተዋል። ኮሪደሩ ላይ የሷ ሳቅ ይሰማኝ ጀመር፤ እሷ ግን በዚያ ቀን ሕንጻው ውስጥ አልነበረችም።

ከዚያ የጨርቆቹን ደመርሁ። እነሱም ከግማሽ በላይ ዘግተዋል። ልዩነት የለም። ሦስት ጊዜ ደመርሁት። አራተኛውን ለደስታ ብቻ ደመርሁት። የእትዬ አስካለ ቁስል ራሱ ከእንቁላል ወደ ባቄላ ወርዷል፤ በጨርቅ ብቻ። ዕጣውን የቀየረው እጄ ምን ያህል ብልህ እንደነበር ገባኝ።

ውባለምን አስጠርቼ ቁጥሩን ዘረጋሁላት። ረድፍ በረድፍ በጣቷ ወረደችበት።

«በጨርቅ የታሰሩት ከዚህ በፊት ስንት ዓመት ቆስለው ነበር?» አለች።

«ሁለትም፣ ሦስትም፣ አምስትም ያለ አለ።»

«በነዚያ ዓመታት ቁስላቸው የሚታሰረው በምን ነበር?»

«በጨርቅ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልዳኑም?»

«ያኔ የሚለካቸው ቀናተኛ አልነበራቸውም» አልኋት። ይህ መልስ በማግሥቱ በጋዜጣው የፊት ገጽ ወጣ።

ሊቀ ቀናተኛ አጥናፍሰገድ፣ የጽሕፈት ቤታችን የበላይ፣ ዘገባዬን ሲያነቡ ሁለት ጊዜ ከወንበራቸው ተነሡ። በሥራ ዘመናቸው ቀናተኛ ሥራ ሲያፈርስ አይተዋል፤ አፍርሶ ሲያገኝ ግን አላዩም። «አንተ እኮ ሽፋን አላፈረስህም፤ ጨርቅ ነው ያገኘኸው» አሉኝ። አዋጁ ታወጀ። የሽፋን ማምረቻው ተዘጋ፤ የተረፉት ጥቅሎች ከቁስለኞቹ ተሰብስበው ተቃጠሉ። በሁለተኛው እሑድ ደግሞ በትልቁ አዳራሽ የአግኚዎችን የክብር ወንበር እንድቀበል ተወሰነ።

አግኚ ስለሆንሁ እኔም ቀናተኛ ያስፈልገኛል። ውባለም ሥራ ፈት ስለነበረች እሷ ተመደበችልኝ። ለሕጉ ሲባል ፈተናውን ወሰደች። እኔ ፊቷ ተቀመጥሁና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተሞገስሁ። በእውነት ጥሩ ሙገሳ ነበር፤ ራሴ አላምን እስክል ድረስ። ሐኪሙ መለኪያውን እያየ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ሌላ ሰው ስላልተገኘ አሳለፏት። በዕድሜዬ እንደዚያ ሳምንት ቀንቼ አላውቅም። ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ሆዴ ሲቃጠል የኖረባት ሴት ለኔ ግማሽ ሰዓት እንኳ ልትቃጠልልኝ አልቻለችም።

በዚህ መሐል የእትዬ አስካለ ቁስል ከባቄላነቱ መጨመር ጀመረ።

«በደንብ አላሰርሽውም» አልኋት።

«አስሬዋለሁ።»

«ጨርቁስ ታጥቧል?»

«ሰባት ጊዜ እጠቢው አልኸኝ፤ ሰባት ጊዜ አጠብሁት።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«እንጃ፣ የኔ እግር አዋጁን አልሰማ ይሆናል።»

ጋሽ ዘርጋው በዚያን ቀን አልለከፉኝም። ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተው ነበር። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ያለው ቆዳ ቀልቷል፤ በእጄ ስነካው ይሞቃል። ቀዶ ሐኪሙ በበሩ ሲያልፍ አየና «ሐሙስ እንገናኛለን» አለን፤ ትሕትና ባለው ድምፅ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ውባለም ሄድሁ። የኔ ቢሮ በነበረው ክፍል ውስጥ፣ በኔ ጠረጴዛ ላይ የኔን ዘገባ ታነብ ነበር።

«እንከን አገኘሽበት?» አልኋት። አንቱታውን ረሳሁት።

«የለውም። ቁጥሩ ልክ ነው፤ እኔም ሦስት ጊዜ ደመርሁት።»

«እንደገና ፈልጊ። ቀናተኛዬ አይደለሽ? ትንሽ እንኳ አትቀኝም?»

«ስለ እህትህ ሰምቻለሁ» አለች። «አንድ ሽፋን ቢኖረኝ አሁን ይዤልህ እሮጥ ነበር። አንድም አላስቀሩልኝም። አዲስ ልሥራ ብል የሚከለክል ማኅተምህ አለበት፤ ማኅተምህን ልሰብር ብል እንከን አጣሁበት።»

ማኅተሜን ራሴ ማንሣት እችል ነበር። ሕጉ ይፈቅዳል፤ «ተሳስቻለሁ» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ነው። ግን በምን እንደተሳሳትሁ አላውቅም ነበር። ወንበሩም ተሠርቶ አልቋል፤ አናጢው ስሜን ሲቀርጽበት ቆሜ አይቻለሁ። እስከ እሑድ ልጠብቅ አልሁ። ምናልባት ጨርቁ እስከዚያ ይሠራ ይሆናል።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። አርባዎቹ ቁስለኞች ሕዝብ እንዲያያቸው በአልጋቸው ቅደም ተከተል ከፊት ተደረደሩ። እትዬ አስካለን በሁለት ሰው ተደግፋ አመጧት። ውባለም በሕጉ መሠረት በቀናተኛው መቀመጫ፣ ከወንበሬ በስተግራ ተቀመጠች፤ እኔ እስክጠራ ድረስ ከመድረኩ ሥር፣ እህቴ አቅራቢያ ተቀመጥሁ። ሊቀ ቀናተኛ አጥናፍሰገድ ስለ ጨርቅ ታሪክ መናገር ጀመሩ። ከጥጥ አበባ ነው የጀመሩት፤ ገና ፈትሉ ላይ ሳይደርሱ ቀትር ሆነ።

ቀትር ላይ ጋሽ ዘርጋው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከገበሩ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡና ፈቱት። አንድ ነጭ ሽፋን ነበር። በጥርሳቸው ይዘው እኩል ለሁለት ቀደዱት፤ ግማሹን ወደ ጎናቸው ዘረጉ።

«በቃ እንግዲህ አስካለ» አሉ ቀስ ብለው፤ አዳራሹ ግን ጸጥ ያለ ስለነበር ለሁሉም ተሰማ። «ለወንድምሽ ብለሽ አሥር ቀን ሞክረሽለታል። ባለፈው እሑድ ብሰጥሽ 'የስንሻው ጨርቅ ነው፣ ልሞክርለት' ብለሽ መለስሽብኝ። ዛሬ ግን አትመልሺብኝ።»

ሊቀ ቀናተኛው ንግግራቸውን አቆሙ። «ምንድን ነው የምታደርጉት?»

«የእሑድ ማሠሪያ ነው ጌታው። ቀትር ሆኗል።»

«እሱን አይደለም። ለምንድን ነው የቀደድኸው?»

ጋሽ ዘርጋው ጥያቄው አልገባቸውም። ከኋላቸው ያለች ሴት መለሰች፦ «ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምናደርገው። ጥሩው ለግማሾቻችን ሳይደርስ ቀርቷል፤ አንዱ የቁስሉ እርጥበት ሲነካው እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ከዓይን ይጠፋል፣ አንዱ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። ያልደረሰው አጠገቡ ካለው ይካፈላል።»

«ማን ፈቀደላችሁ?»

«መነጋገር ነው የተከለከልነው» አሉ ጋሽ ዘርጋው። «እኛም አልተነጋገርንም፤ ቀደን መስጠት ብቻ ነው። አልጋውን አንድ በአንድ የደረደሩልን ለዚሁ መስሎን ነበር። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ እንል ነበር እኮ።»

በመጀመሪያው ረድፍ አርባ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተያዩ። ከመሐላቸው አንዱ «እውነቱን ነው» አለ። ቀዶ ሐኪሙ ከተቀመጠበት ተነሥቶ የቁስለኞቹን እግር በዓይኑ አንድ ባንድ ይቆጥር ጀመር።

ውባለም ከቀናተኛው መቀመጫ ወርዳ እህቴ ፊት ተንበረከከች። የኔን ጨርቅ ፈታች፤ ግማሹን ሽፋን ተቀብላ ቁስሉ ላይ አስቀመጠችና ዙሪያውን በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች ጫነችው። ጋሽ ዘርጋው በእጃቸው የቀረውን ግማሽ አዩ፤ የራሳቸውን እግር አዩ፤ ከዚያ እሱንም ሰጧት። ከሁለቱ ግማሾች መሐል በጥርስ የተቀደደው መስመር ይታይ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም እንደ ብርጭቆ ጠሩ።

«አቶ ስንሻው» አሉ ሊቀ ቀናተኛው ከመድረኩ። «ወደ ወንበሩ።»

ልነሣ ስል እትዬ አስካለ ያወለቀችውን የግራ ጫማዋን ወደኔ ዘረጋች። በሌላው እጇ ደጋፊዋን ይዛ ነበርና ማስቀመጫ አጥታ ነው።

«ያዝልኝ» አለችኝ።

ያዝሁላት።